ለክረምት ወላዶች ያፈላሁት አጥሚት

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ቀን፣ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ጠዋት ተነሥቼ እሳት አነደድኩና አጥሚት አፈላሁ። ባለቤቴ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ጓዳ ብቅ አለ። ድስቱን አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«እንግዳ አለብን እንዴ?» አለ።

«የለብንም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ማን ሊጠጣው ነው?»

ድስቱን ልብ ብዬ ያየሁት ያኔ ነው። ለሁለት ሰው ብዬ ለአሥራ አራት ሰው አፍልቻለሁ። እጄ ሌላ መጠን አያውቅም። ሳቄ መጣ፤ እሱም ሳቀ። በየኩባያው እየቀዳሁ ለግቢው ጎረቤት ሁሉ አዳረስኩ። ከጎረቤቶቻችን አንዷ አስተማሪ ናት። ኩባያውን በሁለት እጇ አቅፋ፣ ደጃፏ ላይ ቆማ ጠጣችና፣ «እትዬ ባንቺ፣ ይህን ሙያ ከየት አመጡት?» አለችኝ። ልነግራት ጀመርኩ። ዝናቡ አባራ፤ እኔ ግን ገና ነበርኩ። መልሶ ጣለ፤ አሁንም አልጨረስኩም። «እንዲህማ ከሆነ ይጻፉት» አለችኝ። ይኸው፣ ከልጄ የተረፈ ደብተር አግኝቼ እየጻፍኩ ነው።

ሠላሳ ዓመት አልፎኛል ለማላውቀው ሰው ሳበስል። መጀመሪያ እዚሁ ፍኖተ ሰላም በሆስፒታል ወጥ ቤት ነበርኩ። ቀጥሎ ቡሬ፣ ብዙ ተማሪ በሚመገብበት ማእድ ቤት። መጨረሻ ላይ ደግሞ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ጤና ጣቢያ፣ በእናቶች ማቆያ። ማቆያ የሚባለው ቤታቸው የራቀ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው ምጥ እስኪይዛቸው የሚያርፉበት ቤት ነው። ስለ ደመወዜ የምለው የለኝም፤ የቅጥር ወረቀቴም ላይ ሥራዬ ከጽዳት ጋር ተደባልቆ ነው የኖረው። ስለ ዱቄትና ስለ እሳት ግን ሳወራ ልቤ አሁንም ይሞቃል። ባለቤቴ እንደሚለው፣ ስናገር እጄ ብቻውን ያማስላል።

ፍኖተ ሰላም የተቀጠርኩት ሳህን አጣቢ ሆኜ ነው። የወጥ ቤቱ ኃላፊ እትዬ የውብዳር ይባሉ ነበር። ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸውን የማያነሡ ሴት ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን እጅጌዬን ሰብስቤ ወደ ሳህኑ ስሄድ፣ «ቆይ» አሉኝ። «ሳታጥቢ በፊት እዪው።»

«ምኑን ልየው?»

«የቀረውን። ሰው ‹ጠገብኩ፣ እግዜር ይስጥልኝ› ይልሻል። ሳህን ግን ይሉኝታ የለውም፤ እውነቱን ይነግርሻል።»

ከዚያ ወዲያ ፍኖተ ሰላም እስካለሁ ሳህን ሳላይ አላጠብኩም። ወጡ አልቆ እንጀራው ከቀረ ሰውየው ማላመጥ አቅቶታል ማለት ነው። ሁሉም እንዳለ ከተመለሰ ደግሞ እትዬ የውብዳር እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ራሳቸው ወደ ሕመምተኛው ይሄዳሉ። «ለምን አልበላህም?» ብለው ሲጠይቁ ሰምቻቸው አላውቅም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው፣ «አገርህ ወዴት ነው? ሲበርድህ ቤትህ ምን ትበላለህ?» ነው የሚሉት። ከሊበን በኩል የመጣው የዳጉሳ ገንፎ ይላል። የዱርቤቴው በቆሎ ያነሣል። የደጋው ሰው ገብስ፣ እንግዶ፣ ድንች ይጠራል። ሞት አፋፍ ላይ የደረሰ ሰው እንኳ ስለ ቤቱ ምግብ ሲጠየቅ ፊቱ ወደ ሰው ይዞራል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። እትዬ የውብዳርም ያን ቀን ባይሆን በነጋታው የተባለውን ከየትም ብለው ሠርተው ያቀርባሉ።

ገንፎ ሲሠሩ ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር። እኔ ጸሎት ላይ ናቸው ብዬ ዝም እላለሁ። ኋላ ነው የገባኝ፤ ድስቱን እያዳመጡ ነው። ውሃው ሲንተከተክ ጨው ይጨምሩና ከፈላው ውሃ አንድ ጣሳ ቀንሰው በጎን ያስቀምጣሉ። ዱቄቱን መሀል ላይ ያፈሱታል፤ አይነኩትም። ውሃው በዱቄቱ ዙሪያ እየተናነቀ ሲወጣ መጀመሪያ ቀጠን ያለ ድምፅ አለው። ቆይቶ «ጡፍ... ጡፍ...» ማለት ሲጀምር ዓይናቸው ይገለጣል፣ ማማሰያውም ይገባል። የቀነሱትን ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጉ ሲያማስሉት ገንፎው እንደ ሐር ይለሰልሳል። ቀድመሽ ካማሰልሽ ይጓጉላል፤ ከዘገየሽ ደግሞ ሥሩ ያርራል። እኔ ይህን ድምፅ ለመለየት ሁለት ክረምት ፈጀብኝ። የለየሁ ዕለት እሳቸው ማማሰያውን አቀብለውኝ ወጡ።

ድፏቸውንስ። ክረምት ላይ ሊጥ አልነሣ ሲለን እኛ እርሾ እንጨምራለን፤ እሳቸው ይከለክሉናል። «ዱቄቱም እኮ ይበርደዋል» ይላሉ። ከዋዜማው ዱቄቱን ምድጃ ዳር ያሳድሩታል። የሚያቦኩበትን ገበቴ በሞቀ ውሃ ያለቀልቃሉ። ሊጡን ካቦኩ በኋላ በገዛ ነጠላቸው ይጠቀልሉታል። መድረሱን በጣታቸው ነው የሚያውቁት፤ ጫን አድርገው ይለቁታል። ጉድጓዱ ቶሎ ከሞላ ገና ነው። ቀስ እያለ ከሞላ ደርሷል። እንደጎደጎደ ከቀረ አልፎበታል። ሊጡን ጥቁር አዝሙድ ጣል አድርገውበት በኮባ ቅጠል ሸፍነው አክንባሎውን ይደፉበታል። ከሥርም ከላይም እሳት ነው። የላዩን ፍም የሚለኩት እጃቸውን ዘርግተው አባታችን ሆይ እየደገሙ ነበር። «ስምህ ይቀደስ» ሳይሉ እጅ ከለበለበ እሳቱ በዝቷል። «የዕለት እንጀራችንን» ላይ እጃቸውን ካነሡ ልክ ነው። አሜን ድረስ ከቻሉ ግን፣ «ይህ ዳቦ ሳይሆን ብስኩት ሆኖ ይወጣል፤ ፍም ጨምሪ» ይሉኛል።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ እኔ ወደ ቡሬ ተዛወርኩ። ቡሬ ሥራው ጥድፊያ ነው። ሩዝ በጆንያ፣ መኮሮኒ በካርቶን ይገባል። ፈጣን ሆንኩ፤ አለቃዬ አመሰገኑኝ፤ ሥልጠና ልከውኝ የምስክር ወረቀት ይዤ መጣሁ። ወረቀቱን ፍሬም አስገብቼ ሰቀልኩት። ሳህን ማየቱን ግን ተውኩ። ያን ሁሉ ሳህን አንድ በአንድ ማን ያያል? በበርሜል ነበር የሚነከረው።

ወደ ጤና ጣቢያው የሄድኩት በዚህ ኩራት ነው። ኃላፊው አቶ ይበልጣል የሚባል ወጣት የጤና መኮንን ነበር። ኪሱ ብዕር የማያጣ፣ ሥርዓት የሚወድ፣ ለእናቶቹ ከልቡ የሚያስብ ሰው ነው። የአገሬው ሰው ዶክተር ይለዋል። ለማቆያው የሳምንት የምግብ ዝርዝር አዘጋጅቶ ግድግዳ ላይ ለጥፏል፤ ሰኞ ሩዝ፣ ማክሰኞ መኮሮኒ፣ ረቡዕ ምስር፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። እኔም ወደድኩት። ወጥ ቤቱ ከማቆያው ራቅ ብሎ ከግቢው ማዶ ነበር። አብስዬ በትሪ ይዤ አደርሳለሁ፤ ባዶውን እሰበስባለሁ።

አንድ ሐምሌ ላይ ውዴ የምትባል ነፍሰ ጡር መጣች። መንደራቸው ከተራራው ወዲያ ነው። አማቷ አድርሰዋት ከብቶቹ ብቻቸውን ናቸው ብለው ተመለሱ። ውዴ ብዙ አትናገርም። አልጋዋ ላይ ተሸፋፍና ትቀመጥና መስኮቱን ታያለች። የሰጠኋትን ሩዝ ነካክታ ተወችው። በነጋታው መኮሮኒውን ጨርሶ አልነካችውም። ሳህኑን አይቼ፣ እንዲህ ደክሜ ሠርቼ ብዬ ቅር አለኝ እንጂ፣ ምን ሆነሽ አላልኳትም።

ትሪውን ላነሣ ስል፣ «እትዬ፣ ትንሽ ገንፎ ቢገኝ? ሆዴን በረደኝ» አለችኝ።

«ገንፎማ ስትወልጂ ትደርሺበታለሽ» አልኳት። «ዛሬ ተራው የመኮሮኒ ነው።»

«እሺ» አለች።

በማግስቱ ጠዋት አልጋዋ ባዶ ነበር። ከጎኗ የተኙት፣ ሊነጋጋ ሲል ወደ ደጅ የወጣች መስሏቸዋል። ውዴ ግን በዚያ ዝናብ ወደ ቤቷ መንገድ ጀምራለች። ዳገቱ ላይ ምጡ ያዛት። የማታውቃቸው ሰዎች ቤት አስገብተዋት ወለደች። እሷን አተረፏት። ሕፃኑ ግን አላለቀሰም።

ይህን የሰማሁት ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ ነው። ቢላዋውን አስቀመጥኩና ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ያን ቀን ምን እንዳበሰልኩ ዛሬም አላስታውስም።

በሳምንቱ ድፎ ጋግሬ፣ በነጠላ አዝዬ በእግሬ ሄድኩ። አማቷ በራፍ ላይ አገኙኝ።

«አንቺ ነሽ ወጥ ሠሪዋ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ እማ።»

ከበራፉ ፈቀቅ ብለው፣ «ግቢ፤ ዝናብ ነው» አሉ።

ውዴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። እግሯ ሥር ተቀምጬ ይቅር በይኝ አልኳት። ሳትዞር፣ «እትዬ፣ ለገንፎ ብዬ አይደለም የሄድኩ» አለች። «ሲበርደኝ የሰው ቤት መሆኑ ተሰማኝ። ቤቴ ናፈቀኝ።»

አማቷ እሳቱን እያራገቡ፣ «እግዜር የወሰደውን አንቺ አትመልሽውም» አሉኝ። «ዳሩ ግን ልጄ፣ የበረደው ሰው ተራ አይጠብቅም።»

አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ድፎዬን ተቀብለው ሳይቆርሱ አስቀመጡት፤ እኔም አልተቀየምኩም። ውዴ ከዚያ በኋላ ሌሎች ልጆች ወልዳለች፤ ሁሉንም ቡሬ ወርዳ ነው የወለደች። እኛ ዘንድ ተመልሳ አልመጣችም። ገበያ ላይ ስንገናኝ ጉንጭ ለጉንጭ እንሳሳማለን፣ ጤና እንጠያየቃለን፤ ያን ነገር ግን አንድ ቀን አንሥተነው አናውቅም። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም። ይህን ከነሸክሙ ይዤው ጡረታ ወጥቻለሁ።

ያን ሰሞን ፈቃድ ጠይቄ ፍኖተ ሰላም መጣሁና እትዬ የውብዳር ቤት ገባሁ። አርጅተዋል፤ ጉልበታቸው አላስኬድ ብሏቸው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ሳህኑን አይተሽው ነበር?» አሉኝ።

«አይቼዋለሁ።»

«ምን አለሽ?»

«አልበላችም አለኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

አንገቴን ደፋሁ። እሳቸውም መከርኩሽ፣ ገሠጽኩሽ አላሉም። ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡና፣ «በይ ገብሱን አውርጂው፤ ገንፎ እንሥራ» አሉኝ። ሁለታችን ሠራን፤ ሁለታችን በላን። ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ እኔም አብሬ ጨፈንኩ። ስመለስ ልቤ ቆርጦ ነበር።

በቀጥታ አቶ ይበልጣል ቢሮ ገባሁ። «ያ የምግብ ዝርዝር ይነሣልኝ» አልኩት።

«የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ ባንቺ» አለ። እሱም ከዚያ ቀን ወዲህ ፊቱ ከስቶ ነበር። «ሲነሣ ግን በምትኩ ምን ይሁን? መመሪያም አለብን።»

«እናቶቹ ይጠየቁ። የሚጠይቁት ከየቤታቸው ያለ ነገር ነው፤ ገብስ፣ በቆሎ፣ ድንች። ሲመጡም ከቤታቸው እፍኝ እፍኝ እህል ይዘው ይምጡ፤ የራሳቸው ያለበትን አይንቁትም። ወጥ ቤቱ ደግሞ ወደነሱ ይጠጋ። እሳት ይሙቁ።»

«እሳት? ነፍሰ ጡር ባለበት? ጭሱስ?»

«ጭስ መውጫ እንሥራለት። ከክፍላቸው አሥር እርምጃ ይራቅ። ዙሪያውን መደብ ይኑረው።»

ብዕሩን ሲያገላብጥ ቆየና፣ «የጣራ ሣሩን ከየት እናመጣለን?» አለኝ። ያኔ እንደተስማማ ገባኝ። ሣሩንም እንጨቱንም የእናቶቹ ባሎች አመጡት። ጭቃውን ሴቶቹ ለጠፉት።

በአዲሱ ጎጆ የመጀመሪያውን ድፎ የጋገርኩበትን ቀን እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? ውጭ ጉም ነው፤ አጥሩ እንኳ አይታይም። አክንባሎውን ሳነሣ የኮባው ሽታ ከጥቁር አዝሙዱ ጋር ተቀላቅሎ ጎጆውን ሞላው። ከመኝታ ክፍሉ አንድ በአንድ ጋቢያቸውን እየጎተቱ መጡ። መደቡ ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ትኩሱን ቆርሼ ስሰጣቸው እፍ እፍ እያሉ ሲበሉት ጉንጫቸው ሲቀላ አየሁ። ከዚያ ክርክር ተነሣ። አንዷ የኛ አገር ገንፎ ወፍራም ነው ትላለች፤ አንዷ በተልባ ካልሆነ አይሆንም ትላለች። እኔ በደስታ አብጄ፣ «በሉ እያንዳንድሽ ቀን ቀን ይዘሽ አሳዪኝ» አልኳቸው። በዚያ ክረምት የተማርኩትን ያህል በሥልጠናውም አልተማርኩም። ወሬው በየመንደሩ ሄደ። ማቆያው አልጋ ጠበበው፤ መሬት ላይ ፍራሽ አነጠፍን። ከዚያ ወዲያ ምጥ ሳይይዛት ጥላን የሄደች እናት አልነበረችም።

አሁን ወደ ትልቁ ቀን ልምጣ። እሱን ሳልጽፍ ደብተሩን አልከድንም።

ነሐሴ ነበር፣ የፍልሰታ ጾም። ሁለት ቀን ሙሉ ያለማቋረጥ ዘነበና ወንዙ ሞልቶ ድልድዩን ወሰደው። ወደ ቡሬ የሚወስደው መንገድ ተቆረጠ። አምቡላንሱ ማዶ ቀረ፤ ወፍጮ ቤቱም ማዶ ነው። በዚያ ላይ የመጋዘናችን ጣራ አፍስሶ የዱቄታችን ግማሹ ርሷል። ግቢው ግን ሰው ሞልቶበታል፤ ነፍሰ ጡሮቹ አሉ፣ አስታማሚዎቻቸው አሉ፣ ከገበያ ሲመለሱ ወንዙ ያገዳቸው ሰዎችም ተጠልለዋል። ከነሱ መካከል ወይዘሮ ዘይነባ የሚባሉ የቡሬ የእህል ነጋዴ ነበሩ። በጋሪ ያስጫኑትን እህል በሸራ ሸፍነው በረንዳችን ላይ አስቀምጠዋል።

እኔ ያለውን ዱቄት በድንች ላበዛው ወሰንኩ። ድንቹ ተቀቅሎ በትኩሱ ይላጣል፤ ሳይበርድ ይፈጫል፤ ዱቄቱ ጥቂት በጥቂት ይገባበታል። ውሃ አይጨመርም፤ ድንቹ ራሱ ውሃ አለው። ያን የማያውቅ ሰው ሊጡን ሾርባ ያደርገዋል። በትክክል ከተሠራ ግን ሲነሣ እንደ ጥጥ ነው፤ ቢያድርም አይደርቅም። አቶ ይበልጣል ሳይቀር እጅጌውን ሰብስቦ ድንች ልጣጭ ላይ ተቀመጠ። ወይዘሮ ዘይነባ አጠገቡ ሆነው ሲያዩት ቆዩና፣ «ዶክተር፣ ግማሹን ለዶሮ እየሰጡት ነው እኮ» አሉት። ያ ሁሉ ሰው ሳቀ። ለዘመናት ስንከባበር ኖረን፣ «በል ልጄ፣ ቀጠን አድርገህ ላጠው» አልኩትና ከዚያ ቀን ጀምሮ አንተ ብዬው ቀረሁ።

በማግስቱ ትሁን የምትባል የመጀመሪያ ልጇን የምትጠብቅ ልጅ ከንጋት ጀምሮ ምጥ ይዟት ነበር። ወደ ቀትር ላይ አዋላጇ ሲስተር ሙሉነሽ ወደ ጎጆዬ መጣች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ምጡ እየደከመ ነው፤ እሷም አቅም አጥታለች» አለችኝ። «ልጁ ደህና ነው፤ ልቡን እየሰማሁት ነው። ማዶ ማሻገር ግን አንችልም። የሆነ ነገር አፏ ካልገባ እፈራለሁ። ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም።»

ገባሁ። እናቷ ራስጌዋ ተቀምጠው ላቧን ይጠርጋሉ።

«ፍልሰታን ሳትጾም ቀርታ አታውቅም» አሉኝ። «የነፍስ አባቷ ፈቅደውላታል፤ እሷ ናት እምቢ ያለች። ለነገሩ አሁን ውሃም አልወርድ ብሏታል።»

ጎንበስ ብዬ እጇን ያዝኩ። እንደ በረዶ ነው። «ትሁንዬ፣ ቤትሽ ሲበርድሽ እማ ምን ያጠጡሻል?»

ዓይኗን ገለጠች። «የእንግዶ አጥሚት» አለች በሹክሹክታ። «በማር።»

እንግዶ ደግሞ የደጋ እህል ነው፤ ከገብስ ጋር የሚበቅል፣ ፍሬው ቀጠን ያለ። የኔ መጋዘን ውስጥ አንድ ፍሬ የለም። በረንዳው ላይ ወጥቼ፣ «እንግዶ ያለው ሰው አለ?» ብዬ ጠየቅኩ። ወይዘሮ ዘይነባ ብድግ አሉ።

«ከጭነቴ ሥር አለ» አሉ። «ቢስሚላሂ፣ ሸራውን ያዢልኝ።» ሌላውን ጆንያ ሁሉ በዝናብ ላይ አውርደው የታችኛውን ፈቱልኝ።

እህሉ ግን ጥሬ ነው፤ ወፍጮው ማዶ ነው። ከጎረቤት ቤት የድንጋይ ወፍጮ እንዳለ አውቅ ነበርና ሦስት ሴቶች ይዤ ሮጥኩ። እንግዶውን አበጥረን ምጣድ ላይ ለብ አድርጌ አመስኩት፤ ብዙ ከታመሰ ይመራል፣ ካልታመሰ ደግሞ ሆድ ይነፋል። ከዚያ ተራ በተራ ተንበርክከን ፈጨን። አንዷ ሲደክማት ሌላዋ መጁን ትቀበላለች። ወይዘሮ ዘይነባም ሻሻቸውን አጥብቀው አሰሩና ገቡበት። ከሁላችንም ፈጣን እሳቸው ነበሩ። የወረደውን ዱቄት በወንፊት ነፋሁ፤ በቀዝቃዛ ውሃ በጠበጥኩ፤ በጨርቅ አጠለልኩ። እሳቱ ላይ ጥጄ እጄን ሳላሳርፍ አማሰልኩት። አንዴ ከያዘ የእሳት ሽታ ይገባበታል፤ እንዲያ ከሆነ ለምጥ ሴት አይሆንም። ትሁን የማታውቀው ሽታ እንዳይሆንባት ፈርቼ ነበር። እናትየው ለአራስነቷ ብለው ያመጡትን ማር አወጡ። ከእሳት ካወረድኩ በኋላ ጨመርኩት።

ሲስተር ሙሉነሽ ቀና አደረገቻት። እኔ በጭልፋ ቀዝቀዝ እያደረግኩ አቀመስኳት። የመጀመሪያዋን አፏ ውስጥ ይዛ ቆየች። ከዚያ ዋጠችው። ሁለተኛዋን ዋጠች። ምጡ ሲመጣ እናቆማለን፤ ሲለቃት ደግሞ እቀጥላለሁ። ትንሽ ቆይቶ እጇ በእጄ ውስጥ እየሞቀ መጣ። እየሞቀ ሲመጣ ተሰማኝ፤ ይህን ስጽፍ ዛሬም መዳፌ ላይ አለ። «ጨምሪልኝ» አለችኝ። ሲስተር ሙሉነሽ ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ላይ ሕፃኗ ጮኸች። ያን ጩኸት ስሰማ በሩ ሥር ቁጭ አልኩ። በረንዳው በእልልታ ተናወጠ። ሴቶቹ፣ ሴት ልጅ ናት ብለው ሦስቱን እልል ብለው ሲያቆሙ ወይዘሮ ዘይነባ ብቻቸውን ቀጠሉ። አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። «ለወንድ ሰባት ነው፤ ለሴት ሦስት ነው» ብላ አንዲት አሮጊት ልታስቆማቸው ሞከረች።

«የፈጨሁበት እጄ ነው የሚያውቀው» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ። «የኔ እንግዶ ያለባት ልጅ በሦስት እልልታ አትቀርም።»

ከዚያ ሁሉም ተያይዘው እንደገና ጀመሩት፤ ስንት እንደደረሰ እኔ አላውቅም። ያን ማታ የድንች ዳቦውን ቆርሰን፣ ለትሁን ገንፎ ሠርተን፣ መደቡ ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተጠጋግቶ ተቀመጠ። እንዲህ የሞቀኝ ክረምት አላውቅም።

በማግስቱ ውሃው ጎደለና አምቡላንሱ ተሻገረ። ሾፌሩ ጭቃ በጭቃ ሆኖ እየሮጠ ሲገባ ትሁን ልጇን ታጠባለች። ቆሞ አየንና፣ «እንግዲያስ ለኔም ዳቦ ስጡኝ» ብሎ ተቀመጠ።

አቶ ይበልጣል ጥግ ይዞ ለወረዳው የሚላከውን ሪፖርት እየጻፈ ነበር። ጥቂት ጻፈና ቆመ። ብዕሩን ጥርሱ ላይ አድርጎ አሰበ። ከዚያ ጠራኝ።

«እትዬ ባንቺ፣ እዚህ ላይ ‹ለእናቲቱ የተደረገ እርዳታ› ይላል። የሲስተርን ሥራ ጽፌዋለሁ። የእርስዎን ምን ልበለው?»

«አጥሚት በለው።»

ሊስቅ ነው ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። ጻፈው። ቀጥሎ፣ «መጠኑንም ይጠይቃል» አለ። «ስንት ጭልፋ ነበር?»

«አልቆጠርኩም» አልኩት። «እስክትወልድ ነው ያጠጣኋት።»

ጎንበስ ብሎ፣ እንዳልኩት፣ «እስክትወልድ» ብሎ ጻፈው።